ያለ ሚስት ጎጆ መውጣት

በጎጃም ደጋ «ጎጆ ወጣ» የሚባለው ሚስት ያገባ ሰው ነው። ዕድሜ ብቻውን ጎጆ አያስወጣም። ጢሙ አቀምቅሞ፣ ሞፈር ቀንበር ተሸክሞ፣ ሲያርስ ውሎ ማታ አባቱ ቤት የሚገባ ጎረምሳ በአገሬው አፍ ያው «የእከሌ ልጅ» ነው። በርስት ዘመን ጎጆ ለመውጣት መሬት፣ በሬና ሚስት ያስፈልጉ ነበር፤ ሦስቱም የሚመጡት በአባት በኩል ነበር። ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በዝርዝር አሳይቷል። ርስት በእናትም በአባትም በኩል የሚጠየቅ ሰፊ መብት ነበር፤ ወጣቱ በተግባር የሚያርሳት ቁራጭ መሬት ግን የምትገኘው ሲያገባ፣ ወላጆቹ ከያዙት ላይ ቆርሰው ሲሰጡት ነበር። ሚስቲቱን የሚመርጡለትም፣ ሽማግሌ የሚልኩለትም እነሱው ነበሩ። ራስን መቻል የሚባለው ነገር፣ አባት ሲፈቅድ ብቻ ለልጅ የሚያወርሰው ንብረት ነበር ማለት ነው።

በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ ሚስትም በሬም መሬትም የሌለው ሌላ ጎጆ ነበር። በደብሩ ዙሪያ፣ ከመምህሩ ቤት ፈንጠር ብሎ፣ ከጭራሮና ከሣር የተሠራ፣ ሁለት ሦስት ልጆች ተጣጥፈው የሚያድሩበት የተማሪ ጎጆ። ባለቤቱ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት ሊሆነው ይችላል፤ እንጨቱን ለቅሞ፣ ሣሩን አጭዶ የሠራው ራሱ ነው። ስለ ቆሎ ተማሪ በተነሣ ቁጥር ረሃቡና ትዕግሥቱ ይወራል። እውነት ነው፤ ግን ከፊሉ ብቻ ነው። የቆሎ ተማሪነት የጎጃም ወንድ ልጅ ከአባቱ ፈቃድ ሳይጠይቅ ራሱን የሚችልበት መንገድም ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ልጁን ያኖረው ደግሞ ከትዕግሥቱ ይልቅ ሳቁ ይመስለኛል። በአማርኛ የልጅ እግር ጀብዱና የጎረምሳ ነፃነት በቀልድ ሲጻፍ፣ ምንጩን ከፈረንጅ መጽሐፍ በፊት እዚህ መፈለግ ይገባል።

ለዚህ ክርክር ደብረ ወርቅ ጥሩ መነሻ ናት። ከቢቸና ወደ መርጡለ ማርያም በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለች የእናርጅ እናውጋ ከተማ ስትሆን ስሟንና ክብሯን ያገኘችው ከደብረ ወርቅ ማርያም ነው። ደብሩ በ15ኛው መቶ ዓመት ከኖሩት ከአቡነ ሠርፀ ጴጥሮስ ስም ጋር የተያያዘ ነው፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት ተብላ በትውፊት የምትከበር የእመቤታችን ሥዕልም አለችበት። ለተማሪው ግን ደብረ ወርቅ በረጅም መንገድ ላይ ካሉት ማረፊያዎች አንዷ ነበረች። በደቡብ ዲማ ጊዮርጊስ፣ በሰሜን መርጡለ ማርያም፣ በምዕራብ ራቅ ብሎ ደብረ ኤልያስ አሉ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በአንድ ቅጥር ውስጥ አልተሰበሰበም። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅኔ ጎጃም ይኬዳል፤ ጎጃምም ውስጥ የዋሸራ ቤትና የጎንጅ ቤት አሉ። ትምህርቱ በአገር ላይ የተበተነ ስለሆነ፣ መማር ማለት ራሱ መሄድ ማለት ነበር። ከንባብ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ ላድርሰው ያለ ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት በዚህ መንገድ ላይ ይቆያል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ እሳቸውን ኋላ ላይ እናነሣቸዋለን።

ከአባት ቤት መውጫ በሮች ጥቂት ነበሩ። አንዱ ወታደርነት ነው፤ ግን የሚያስጠጋ ጌታ፣ ቢቻል ጠመንጃም ይፈልጋል። ሌላው ሽፍትነት ነው፤ እሱም ቢያንስ ጠመንጃና ቂም ይፈልጋል። ተማሪነት የሚፈልገው አኮፋዳ፣ ደበሎና በትር ብቻ ነው። አባቶች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ልጃቸው ከብት ጠባቂያቸውም ነበርና። ስለዚህ በሊቃውንት የሕይወት ታሪክ ውስጥ አንድ ትዕይንት እየተመላለሰ ይመጣል፤ ልጁ ከብቶቹን ሜዳ ላይ ትቶ ይኮበልላል፣ እናት ታለቅሳለች፣ አባት በየደብሩ ያፈላልጋል። ተገኝቶ የተመለሰ ልጅ ሁለተኛ ሲኮበልል ራቅ ያለ አገር ይመርጣል። መኮብለል ነውር ነው፤ ለትምህርት ሲሆን ግን ነውሩ በጽድቅ ተሸፍኗል። አባት ለአደባባይ አቤት ብሎ «ልጄ መጽሐፍ ሊማር ጠፋብኝ» ቢል የሚፈርድለት አልነበረም። የልጁ አመፅ የቤተ ክርስቲያን ካባ ለብሷል።

ከወጣ በኋላስ? ቀን ቀለሙን ሲቆጥር ውሎ፣ ሰዓቱ ሲደርስ አኮፋዳውን አንግቶ መንደር ይወርዳል። ደጃፍ ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ስለ ማርያም ስም ብላችሁ ማለቱ ነው። ቁራሽ እንጀራ፣ እፍኝ ቆሎ፣ አንዳንዴም የውሻ ንክሻ ይዞ ይመለሳል። ይህ ልመና ከነፃነት ጋር እንዴት ይታረቃል? እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሚጥመው። ተማሪውን የሚመግበው አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሰው ጌታው በሆነ ነበር። አባቱ ስንቅ ቢልክለት አባቱ በስንቁ ባዘዘው፤ መምህሩ ቢያበላው መምህሩ ባስገበረው። ተማሪውን የሚመግበው ግን አገር ነው። ከአርባ ቤት አንድ አንድ ቁራሽ የወሰደ ልጅ ለአንዳቸውም ባለዕዳ አይሆንም፤ የሰጡት ለእሱ ሳይሆን ለማርያም ነውና። መምህሩም ክፍያ አይጠይቅም ነበር፤ የሚኖረው ደብሩ ከሚሰጠው መሬት ነበር። እንጨትና ውኃ በተራ ይቀርብለታል፤ ከዚያ ያለፈ ግዴታ የለም። ተማሪው መምህሩ ካልጣመው ማለዳ አኮፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጎበዝ መምህር የሚታወቀው በዙሪያው በተሠሩት ጎጆዎች ብዛት ስለነበር፣ ልጆቹ መምህራቸውን በእግራቸው ይመዝኑት ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን ገበሬ ባላባቱን፣ ወታደር አለቃውን እንዲህ ቀለል ብሎት የሚተውበት ሁኔታ አልነበረም።

ነፃነቱ እንዲህ የላላ ስለሆነ የሚጠብቀው መሣሪያ ያስፈልገው ነበር፤ ተማሪው ያለው መሣሪያ ምላሱ ነው። ገበሬው ተማሪን ይንቀዋል፣ ይፈራዋልም። ደበሎው ቅማል ያፈላል፤ ግን ክታብ ይጽፋል፣ ድግምት ያውቃል ይባላል። ልጁ ምንም ባያውቅም ይህን ፍርሃት ሊያጠፋው አይፈልግም፤ ውሻ ያስሩለታል፣ ቁራሹንም ያወፍሩለታል። ተዝካር ያለበት ቤት ከሦስት ተራራ ማዶ ለተማሪ ይሸተዋል ብሎ ያልቀለደ ጎጃሜ የለም። ተማሪውም ተዝካሩ ላይ ተገኝቶ በበላበት አፍ ቅኔ ያቀርባል፤ ድግሱ ቀጥኖ ከሆነ ሰሙ ባለ ድግሱን ያወድሳል፣ ወርቁ ያማል። ባለ ድግሱ ቢቆጣ ተማሪው ሰሙን ይዞ ይከራከራል። ይህ ብልጠት ብቻ አይደለም፤ በወንበር የሚሰጥ ትምህርት ነው። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲወጣ፣ በየቀኑ የሚለማመደው አንድ ነገር ነው፤ አንድን ቃል ሁለት ጌታ እንዲያገለግል ማድረግ። ጠዋት ሜዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ከዚያ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል። የሌላውን የደገመ ይዋረዳል፤ በየዕለቱ አዲስ ነገር ማምጣት ግድ ነው። አባት ቤት ያለው እኩያው የአባቱን እርሻ እንዳለ በመድገም ሲመሰገን፣ ይህኛው በመድገሙ ይነወራል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ይህ ሁሉ ሳቅ የኋላ ትዝታ ነው፤ ሊቁ አርጅቶ፣ ጠግቦ፣ ካባ ለብሶ ሲያወራው ያስቃል እንጂ በጊዜው ረሃብ፣ ተስቦና የመምህር ዱላ ነበር የሚል። ብዙ ልጆች ከመንገድ ቀርተዋል፤ ብዙዎች መጽሐፍ ሳያደርሱ ተበትነዋል፤ ሲስቁ የምንሰማቸው የተረፉትን ነው። ተቃውሞው ልክ ነው፤ ረሃቡንም በቀልድ ላጥበው አልፈልግም። ግን የትዝታውን ሳቅ ትተን ሥርዓቱን ብንመለከት እንኳ ቀልዱ እዚያው አለ። ሰምና ወርቅን የፈለሰፈው ያረጀ ሊቅ ትዝታ አይደለም። ክታብ የሚገለብጠው ልጅ፣ የሚፈራው ገበሬ፣ ተዝካር የሚያነፈንፈው ጓደኛ በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ያሉ ናቸው። ረሃብ ደግሞ ከቀልድ ጋር ተጣልቶ አያውቅም። በ1554 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ ደራሲው ሳይታወቅ የታተመው የላዛሪዮ ዴ ቶርሜስ ታሪክ፣ ዓይነ ስውር ለማኝ የሚመራ የተራበ ልጅ ጌታውን እያታለለ ሆዱን ሲሞላ የሚያሳይ ነው፤ የአውሮፓ የጀብደኛ ልጅ ልቦለድ ከዚያ እንደተወለደ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይናገራሉ። እነሱ ያንን ረሃብ ልቦለድ አደረጉት፤ እኛ ቅኔና የመሸታ ቤት ወግ አደረግነው። ልዩነቱ የጽሑፍ ዓይነት ልዩነት ነው።

ከዚህ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ይህ ነፃነት የወንድ ብቻ ነበር የሚለው። መልስ የለውም፤ እውነት ነው። ሴት ልጅ አኮፋዳ አንግታ መንደር ለመንደር ልትዞር አትችልም ነበር። ጎጃም ግን ማስረጃ የሚሆኑ አንዲት ታላቅ ሴት አሏት። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት፣ ጽላሎ ላይ በአባታቸው ወንበር ተቀምጠው ወንዶችን ቅኔ አስተምረዋል። ሊቅነታቸው ከማንም አላነሰም፤ ያገኙት ግን ከአባታቸው ቤት ሳይወጡ ነው። አባታቸው የቅኔ መምህር ባይሆኑ ኖሮ ቅኔው በምን በኩል ይደርሳቸው ነበር? ተማሪዎቻቸው ከየአገሩ በእግራቸው መጥተው፣ ጎጆ ሠርተው፣ ተምረው ይሄዳሉ፤ መምህርቲቱ ግን እዚያው ናቸው። ዕውቀትና መንገድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ቅኔው ለሴትም ሊደርስ ይችል ነበር፤ መንገዱ ግን ተዘግቷል። ስለዚህ ተማሪነትን ነፃነት ያደረገው ዕውቀቱ ሳይሆን መንገዱ ነበር የሚለውን ክርክሬን ይህ ተቃውሞ ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም።

አሁን ወደ ልቦለዱ እንምጣ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው በዛብህ የዚህ መንገድ ልጅ ነው። የማንኩሳ ተወላጅ፣ ወላጆቹ ገና ሕፃን ሳለ በስለት ለእግዚአብሔር የሰጡት፣ በኋላ ዲማ የወረደ ተማሪ። ሚስት እንዳያገባ የተሳለ ነውና በእሱ ላይ «ያለ ሚስት ጎጆ» ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ ዕጣ ሆኗል። መጽሐፉ አሳዛኝ ነው፤ ርዕሱም አይዋሽም። እንግዲህ አንድ አንባቢ «የቆሎ ተማሪ ታሪክ ቀልድ ነው ካልክ፣ ትልቁ የጎጃም ልቦለድ ለምን በለቅሶ አለቀ?» ቢለኝ ተገቢ ጥያቄ ነው። የበዛብህ መከራ ከየት እንደጀመረ ልብ ብሎ ማየት ነው መልሱ። መከራው የሚጀምረው አኮፋዳ ይዞ ሲዞር አይደለም፤ የፊታውራሪ መሸሻን ደጅ አልፎ የልጃቸው የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሲሆን ነው። የታወቀ ቤት፣ የታወቀ ጌታ፣ የታወቀ ማዕድ ሲያገኝ፣ ወዲያው የዘር ሚዛን ላይ ተቀመጠ፤ ድሀ የድሀ ልጅ መሆኑ ተቆጠረ። አገር ሲመግበው ማንም ዘሩን አልጠየቀውም ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ሳቁ የት እንዳለም ማየት ይጠቅማል፤ ፊታውራሪ መሸሻ በክብራቸው ሲወጠሩ፣ ጉዱ ካሳ ሹመኛውንና ቄሱን በነገር ሲወጋ ነው የምንስቀው። ጉዱ ካሳን የአገሩ ሰው እንደ እብድ ያየዋል፤ አነጋገሩ ግን የቅኔ ቤት አነጋገር ነው፤ ሰሙን እብደት፣ ወርቁን ፍርድ ያደረገ። ደራሲው የተማሪውን ምላስ ከተማሪው ነጥቀው ለጉዱ ካሳ የሰጡ ይመስለኛል፤ በዛብህ ፍቅር ስለያዘው ቀልድ አልቀረለትም።

ልቦለድ ራሱ ከውጭ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ አልክድም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ነው። የኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» በ1925 ዓ.ም. ሲወጣ ጀግናው አወቀ ራሱን የሚችለው አውሮፓ ተምሮ ነው፤ ተመልሶ ከዘመዶቹ ጋር በሠርግና በተዝካር ሲጣላ እንስቃለን። ግን የአወቀ ታሪክ ቅርጹ የማን ነው? ከአባት ቤት ወጥቶ፣ ሩቅ አገር ተምሮ፣ በምላሱ ብቻ ታጥቆ ተመልሶ የአገሩን ድግስ የሚተች ወጣት ጎጃም ከአውሮፓ በፊት ታውቀዋለች። ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሆነኝ መንግሥቱ ለማ ነው። በእንግሊዝ አገር ተምሮ «ጠልፎ በኪሴ»ን እና «ያላቻ ጋብቻ»ን የጻፈው ይህ የአማርኛ ኮሜዲ አባት፣ በ1959 ዓ.ም. የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ቃል ሰብስቦ «መጽሐፈ ትዝታ»ን አሳተመ። የአለቃ ለማ ወግ መምህር ፍለጋ በየአገሩ የዞሩ ሊቅ ወግ ነው፤ ከአንድ ደብር ወደ ሌላ ደብር፣ ከአንድ ቀልድ ወደ ሌላ ቀልድ የሚሄድ። መንግሥቱ ለማ ስለ ከተሜ ወጣቶች ሚስት ፍለጋ የጻፈውን ተውኔት ከፈረንጅ ብቻ ተማረ የሚል ሰው አባቱን ዘንግቷል። (የዘመናችን አሳቂ ጸሐፊ በዕውቀቱ ሥዩምም የማንኩሳ ልጅ ነው። ከአንድ አጋጣሚ ሕግ ማውጣት አይገባም፤ ደስ የሚል አጋጣሚ መሆኑን መደበቅ ግን አልቻልኩም።)

ይህ መንገድ በአንድ ቀን አልተዘጋም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ብልሁ ልጅ ወዴት እንደሚኮበልል ሁለት ምርጫ ሆነለት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ደብሩ መሬቱን አጣ፤ የመምህሩ ወንበር የቆመበት መሬት ማለት ነው። ተማሪው ዛሬም አለ፤ ጎጆውም አልጠፋም፤ ግን ከአባት ቤት ለመውጣት የሚያልም ልጅ ሁሉ የሚያስበው መንገድ መሆኑ ቀርቷል። ቦታውን የያዘው ሌላ ልጅ ነው። ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ ደብረ ወርቅ ወይም ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል የተከራየው። እሱም ያለ ሚስት ጎጆ ወጥቷል፤ ሽሮ ሲያሳርር፣ የቤት ኪራይ ሲቆጥር፣ አከራይዋ መብራት አጥፉ ሲሉት የሚያስቅ ኑሮ ይኖራል። አንድ ነገር ግን ተገልብጧል። ይህኛው ልጅ ስንቅ አለው። ቅዳሜ አገር ቤት ይወርዳል፣ እሑድ እንጀራና በሶ ተሸክሞ ይመለሳል፤ የሚመግበው አባቱ ነው፣ ውጤቱንም የሚጠይቀው አባቱ ነው፤ ክረምት ሲመጣ እርሻው ላይ ይፈለጋል። ከቆሎ ተማሪው ይልቅ ጠግቧል፤ ከቆሎ ተማሪው ይልቅ የአባቱ ልጅ ነው። ሐሙስ ላይ እንጀራው ሲሻግት እንኳ ጎረቤት ደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሊል አይችልም፤ ዩኒፎርም ለብሷልና።